በአብዱሰመድ ማሳ ውስጥ የተተከለው ቱቦ

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ግራና አጠገብ፣ የሩዙ ማሳ በተጎበኘበት ረፋድ፣ ኢዘዲንን በሰው ፊት የሰደበው አብዱሰመድ ነው። ሌላ ማንም አይደለም። ኢዘዲንን የት ቆመህ ነበር ቢሉት የቆመበትን የማሳ ድንበር ያሳያል፤ ማን ማን ሳቀ ቢሉት በየስማቸው እየጠራ ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግብርና ባለሙያዋ ገነት ከመርሳ መጥታ፣ ጎንና ጎኑ የተበሳሳ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በአብዱሰመድ ማሳ ውስጥ እየተከለች ለገበሬዎቹ ታስረዳ ነበር። ሩዝ ሁልጊዜ ውሃ ተኝቶበት ከከረመ ከጭቃው ጋዝ ይወጣል፣ ጋዙም ዓለሙን ያሞቃል አለች። ስለዚህ ውሃው አልፎ አልፎ ይለቀቅ፣ መሬቱ ይጠንፈፍ፤ በቱቦው ውስጥ የሚታየው ውሃ ወደ ታች ሲርቅ ማሳው እንደገና ይጠጣ።

"ጋዙ ከምን የሚመጣ ይመስላችኋል?" ብላ ጠየቀች።

ኢዘዲን፣ "ጭቃው ትንፋሽ ያጣል። የታፈነ ነገር ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ደግሞ ይሸታል" አለ።

ገነት መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት አብዱሰመድ ቀደማት።

"ኧረ ሽታውንማ ለፋቂ ልጅ ማን ያስተምረዋል!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ገነት እንኳ ፊቷን አዙራ ከንፈሯን ነከሰች።

የኢዘዲን አባት ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ኢዘዲን ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን ጥሎ የወጣው የክፍሉ ልጆች አፍንጫቸውን እየያዙ ስላስመረሩት ነው። አድጎ የአብዱሰመድን እህት ቢያስጠይቅ፣ የላካቸው ሽማግሌዎች ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ከደጅ ተመለሱ። የሩዙ ሙከራ በማን መሬት ይሁን ሲባልም ለቦዩ የሚቀርበው የእሱ ነበር፤ የተመረጠው ግን ሞዴል ገበሬ የሚባለው አብዱሰመድ ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ኢዘዲን ግን ካለመርሳትም አልፎ ቁስሉን በየጊዜው እያከከ ያደማው ነበር።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ መርሳ ደረሰ። ገነት ከተፈናቃዩ ጋር በእግሯ ወደ ደሴ ወረደች። አቅም ያለው ሸሸ፤ ከብቱን መተው ያቃተው፣ በሽተኛ የያዘው ቀረ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ሞተ፣ ወፍጮ ቆመ። አካባቢውን የያዙት ታጣቂዎች ከማሳው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ።

አብዱሰመድ ሩዙን አልተወም። በየማለዳው ወርዶ ቱቦው ላይ ያጎነብሳል፤ እንጨት ሰድዶ የውሃውን ልክ ያያል።

"ተው፣ ሰዎቹ ከኮረብታው ሆነው ያዩሃል" ሲሉት፣

"ይዩኛ! ማን ያውቃል፣ አይተው ተምረው ሩዝ ይዘሩ ይሆናል" ብሎ ይቀልድ ነበር።

መስከረም ላይ የመንግሥት አውሮፕላን የታጣቂዎቹን መኪና ከነሰዎቹ መታ። በማግስቱ ታጣቂዎቹ ምልክት የሰጠ ሰው ፍለጋ ወጡ። ከአረንጓዴው መካከል ነጭ ሆኖ የሚታየውን ቱቦ ነቀሉ፤ አብዱሰመድንም የኋሊት አስረው ወሰዱት።

በተያዘ በአምስተኛው ቀን የአብዱሰመድ ሚስት ለይላ ነጠላዋን እየጎተተች ኢዘዲን ደጅ ደረሰች።

"ጋሼ ኢዘዲን፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ለአውሮፕላን ምልክት ነው ይሉታል። የውሃ መለኪያ ነው ብላቸው፣ ሚስት አትመሰክርም፣ ሌላ ሰው አምጪ አሉኝ።"

"ሌላ ሰው ሞልቶ የለም እንዴ? ያን ቀን ጥርሱን ሲያሳይ የነበረው ሁሉ የት ሄደ?"

"ግማሹ ሸሽቷል። የቀረውም በር ዘጋብኝ። ሳይመሽ ይለይለታል ብለዋል፤ ሊረሽኑት ነው ጋሼ።"

ኢዘዲን ዱላውን አነሳ። ለአብዱሰመድ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። በሕይወት ወጥቶ፣ በገበያ መሐል ሲያገኘው አንገቱን እንዲደፋለት ፈልጎ ነው። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያሰላስል ሄደ። ጌታው፣ ውሃው መሬት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ ማያ ነው። የግብርና ባለሙያዋ የሰጠችን ነው፤ እኔም ሲተከል ነበርሁ። ከለይላ ጋር በአብዱሰመድ ማሳ በኩል ሲያልፉ ሩዙ አበባ ላይ ነበር፤ ውሃ የሚሰጠው አጥቶ መሬቱ ተሰነጣጥቋል።

የታጣቂዎቹ አዛዥ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከዛፍ ሥር በተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጧል። ቱቦው ጭኑ ላይ ነው። አብዱሰመድ ከግድግዳው ሥር ወድቆ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ቀና ብሎ ኢዘዲንን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ለይላ! ሰው ጠፍቶ ነው ይህን የጎተትሽው?"

"ዝም በል! በአላህ ዝም በል!" አለች ለይላ።

አንዱ ጠባቂ ከት ብሎ ሳቀ። "እስረኛችን ምስክር ያማርጣል እኮ!"

የቀሩትም ተከትለው ሳቁ። አዛዡ ግን አልሳቀም፤ ቱቦውን ለኢዘዲን ሰጠው።

"አባት፣ ይህ ምንድን ነው?"

ኢዘዲን ተቀበለው። በቀዳዳዎቹ የገባው ጭቃ ደርቆ ጣቱ ላይ ተፈረፈረ። የሚናገረው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አብዱሰመድን አየው፤ አብዱሰመድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"ምንድን ነው አልኩዎት? ያውቁታል አያውቁትም?"

ለይላ እግሩ ላይ ወደቀች። "ይናገሩ ጋሼ! እንደሚያውቁት ይናገሩ!"

ኢዘዲን እግሩን ቀስ ብሎ ከእጇ አላቀቀ። ቱቦውን ዴስኩ ላይ አስቀመጠና ዱላውን ይዞ ወደ በሩ ዞረ። አንዱ ጠባቂ ሊይዘው ሲነሳ፣

"ተወው" አለ አዛዡ። "መልሱን ሰጥቶናል።"

ለይላ በስሙ እየጠራች ጮኸች። ኢዘዲን ከግቢው ወጥቶ፣ አንዲት ቃል ሳይመልስ የግራናን መንገድ ይዞ ሄደ።