ኪሴ ውስጥ የነበረው ቱቦ

የጋራዣችን በር ጓጉንቸር በወጉ አይከፈትም። ቁልፉን ከከተቱ በኋላ ጓጉንቸሩን ወደ ላይ ማንሳት፣ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መመለስ፣ ከዚያ ወደፊት ማዞር ነው። ይህን የምናውቅ ባለጋራዡና እኔ ብቻ ነበርን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ሲያመው ወይም እንቅልፍ ሲጥለው ቁልፉን ከቤቱ ተቀብዬ ከፍቻለሁ፤ ማታ ደግሞ መልሼ አስረክቤያለሁ። የራሴ ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም።

ስለዚህ ሰውየው የዓይኑን ሞራ ለማስገፈፍ ሐሙስ ሄዶ ሁለት ወር እንደሚቆይ ሲነግረን፣ ቁልፉ ለማን እንደሚሰጥ ለእኔ ጥያቄ አልነበረም። ለእሱ ግን ጥያቄ ሆነበት። የእህቱ ልጅ አለ አይደል።

የእህቱን ልጅ ዲፕሎማው እንለዋለን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እሱ ሙገሳ መስሎት ይደሰትበታል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ካንዴላ ለመፍታት ጓንት ያጠልቃል። ከሦስት ዓመት በፊት ባለጋራዡ «ስልጠና ሲመጣ የምልከው አንተን ነው» ብሎኝ ነበር። ስልጠናው መጣ። «አንተ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥክ ነህ፣ ወረቀቱን ማን ያነብልሃል?» አለኝና የእህቱን ልጅ ላከው። ማንበብ እችላለሁ። መጻፍም እንደምችል ይኸው እያያችሁ ነው። ሴት ልጁን ሲድርም ከሾፌሮቹ ጋር ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነው ያስቀመጠኝ። ምናልባት ከጠፋ ብሎ ነው። ጠፋ፤ በሙሉ ልብሴ ተንበርክኬ አስነሳሁት። አመሰግናለሁ ያለኝ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት የአዋላጇ መኪና መጣች። አዋላጇ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ቁጥብ፣ ነገር የማትረሳ ሴት ናት። መኪናዋ ነጭ፣ ትንሽ፣ አሮጌ ናት።

«ቼክ ኢንጂን የሚባለው መብራት አልጠፋ አለኝ» አለች። «ስቆም ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። ወገቤን ጨረሰችው። ስነዳት ግን ደህና ናት።»

ነገሩ በዚህች ንግግር አለቀ። በሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ የምትንቀጠቀጥ፣ ሲረገጥ ግን የምትስተካከል መኪና አንድ ቦታ ያልተፈቀደ አየር እየሳበች ነው። ጆሮ ያለው ይሰማል። ዲፕሎማው ግን ሴትየዋ ተናግራ ሳትጨርስ የብልሽት መመርመሪያ መሣሪያውን ከመሪው ሥር ሰክቶ ነበር።

ባለጋራዡ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «በሉ እንግዲህ» አለ። «ሐሙስ ከቀትር በኋላ መንገደኛ ነኝ። ይቺን መኪና ያስተካከለ ቁልፉን ይይዛል። መሣሪያው ስላለው መጀመሪያ እሱ ይሞክር።»

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ለሩጫ ተሰለፍኩ።

«ሦስተኛው ሲሊንደር አይተኩስም ይላል» አለ ዲፕሎማው ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ። «አየኸው ጋሼ?»

«ለምን አይተኩስም?»

«እሱን አይናገርም።»

«ታዲያ ምኑን ተናገረው?»

መሣሪያ የት እንደሚያም እንጂ ለምን እንደሚያም አያውቅም። ሕፃን ሆዴን ብሎ ቢያለቅስ ሆዱን አትቀደው ነገር። ዲፕሎማው ግን መቅደድ ጀመረ። የሦስተኛውን ካንዴላ ቀየረ። መብራቱን አጠፋና እጁን እያሻሸ ሴትየዋን ሸኛት። አደባባዩን ሳትዞር መብራቱ በርቶ ተመለሰች። ረቡዕ ለካንዴላው እሳት የሚልከውን የሦስተኛውን ኮይል ከአንደኛው ጋር አቀያየረ። ልክ ነው፣ ብልሃቱን ከእኔ ነው የተማረው፤ ኮይሉ ቢሆን ኖሮ ብልሽቱ አብሮት በሄደ። አልሄደም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ይታዘዝ አለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል።

«መሣሪያው ኢንጀክተር አለ እንዴ?» አልኩት።

«አላለም። በሂደት ሲታሰብ ነው።»

«በሂደት መኪናዋን በሙሉ ትቀይርላታለህ።»

ሐሙስ ጠዋት ተራው የእኔ ሆነ። የእኔ መሣሪያ ክዳኗን በሚስማር የበሳኋት የውሃ ኮዳ ናት። ኮፋኖውን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁና በአየር ማስገቢያው ዙሪያ ቀስ እያልኩ ውሃ ረጨሁ። አየር የሚስብ ቀዳዳ ውሃ ሲያገኝ ለአፍታ ይደፈናል፣ ሞተሩም ይታረማል። ከላይ ምንም። ከጎን ምንም። ከኋላ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ በሦስተኛው ሲሊንደር አንጻር ጠብ ሳደርግ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ዲፕሎማውን ዞሬ አየሁት። አፉን ከፍቶ ነበር።

እጄን ሰድጄ እዚያ ያለውን የአየር ቱቦ ስዳብስ የነካሁት ግን ቱቦ አልነበረም። ከጎማ ውስጥ ከመነዳሪ የተቆረጠ የላስቲክ ጥብጣብ ነው። ሁለት ዙር ተጠምጥሟል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወሽቋል። እንዲህ የሚያስር ሰው በዚህ ጋራዥ አንድ ነው።

አስታወስኩ። ከሦስት ዓመት በፊት አዋላጇ ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቅሻለች ተብላ በጥድፊያ መጥታ ቱቦው ተሰንጥቆ አገኘሁት። አዲስ አልነበረንም። ለጊዜው ብዬ አሰርኩላት፤ ሰኞ ተመለሺ ልላት ይገባኝ ነበር። አላልኳትም። የዚያን ቀን የዲፕሎማው ወረቀት በመስታወት ተከቶ ግድግዳው ላይ ሊሰቀል ነበር። ባለጋራዡ ከወዲያ ሆኖ «ና ሚስማር ምታልን» እያለ ይጠራኝ ነበር። ሄጄ መታሁ። የሰው ሐሳብ እንዲህ ነው የሚጠፋው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ ነው ይባላል።

ቱቦውን ከነጥብጣቡ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። አዲስ ቱቦ አስገባሁ፣ የባትሪውን እግር ፈትቼ ጥቂት ቆይቼ መለስኩ። መብራቱ ጠፋ። መኪናዋ እንደተኛች ድመት ሆነች። ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም፤ ዲፕሎማው ሁለት ቀን የፈጀባትን።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሕጋችን ልንገራችሁ። በእኛ ጋራዥ የወጣ ዕቃ በከረጢት ተደርጎ ለባለንብረቱ ይመለሳል። ሕጉን ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ዱሮ አንድ ሌባ መካኒክ ያልቀየረውን ቀየርኩ እያለ ስማችንን ሲያጠፋ። ያን ቀን ባለጋራዡ ሕጉን በቀይ ቀለም አጽፎ በሩ ላይ ሰቀለው፤ ከሥሩ ግን የራሱን ስም አስጻፈ።

እኔም ከቆሻሻው በርሜል አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ አንስቼ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ሰው ሆኖ ያላደረገው ካለ ይውቀሰኝ።

አዋላጇ መጣች። ሞተሩን አስነስታ፣ እጇን መሪው ላይ አሳርፋ ቆየች። ፈገግ አለች። ባለጋራዡ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ ያሽከረክራል። ከረጢቱን ሰጠኋት። ከፍታ አየች።

«ይሄ የእኔ አይደለም ጋሼ።»

«የአንቺ ነው እህቴ።»

«የእኔማ ጥቁር ላስቲክ የታሰረበት ነው። እርስዎ ነዎት ያሰሩልኝ፣ ረሱት እንዴ?» ወደ ባለጋራዡ ዞረች። «ያን ቀን መንገድ ላይ ቀርቼ ቢሆን ሁለት ነፍስ ይጠፋ ነበር። ሦስት ዓመት ያዘልኝ። እጃቸው ይባረክ ብዬ ስንቴ መርቄያቸዋለሁ።»

ማን ይናገር የነበረ ማለት ይኸው ነው። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ። ለምርቃት ምን ይመለሳል?

ባለጋራዡ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመና ያበጠውን ኪሴን አየ። «ኪስህን» አለኝ።

«አለቃ፣ ምን ቸገረህ፣ መኪናዋ ተሠርታ...»

«ኪስህን አልኩህ።»

አወጣሁት። ዲፕሎማው በጓንቱ ተቀብሎ አገላበጠው። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ጥሩ ቋጠሮ ነው» አለ። «አጎቴ፣ እኔ በመሣሪያ ያላገኘሁትን እሱ በውሃ ነው ያገኘው። ቁልፉን ለእሱ ስጠው።»

ስሙልኝ ይህን ሰው። ሊመጸውተኝ። ሦስት ዓመት በስሜ የበላውን እንጀራ በአንድ ቃል ሊከፍለኝ።

ባለጋራዡ ራሱን ነቀነቀ። «ላስቲኩን አሳይቶ ‹የእኔ ጥፋት ነው› ቢል ቁልፉ የእሱ ነበር። በራሱ ሕግ ላይ ሌላ ቱቦ የሚከት ሰው ግን እኔ ዓይኔን ሸፍኜ ተኝቼ ምን ይከትብኛል?»

እንዲህ ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ብናገር ኖሮ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው በላስቲክ አስነዳህ» ብሎ ያው ለእህቱ ልጅ ይሰጠው ነበር። መስጠቱን ከማክሰኞ በፊት ጨርሷል፤ ሰበብ ብቻ ነው የጎደለው። እኔ ደግሞ ሰበቡን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አዋላጇ ምን እንዳደረገች ሳይገባት፣ እጄን ጨብጣ አሮጌውን ቱቦ ይዛ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት በሰዓቴ መጣሁ። ዲፕሎማው በሩ ላይ ቆሞ ከጓጉንቸሩ ጋር ይታገላል። አጎትየው ቁልፉን ሲሰጠው ብልሃቱን አልነገረውም፤ ከእኔ በቀር ጓጉንቸር የሚያስታውስ ሰው የለም። ሁለት መኪና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ አንደኛው ሾፌር ጡሩምባ ነፋ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው ይሄ ነገር የሚከፈተው?»

በሩ አጠገብ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን አነባበርኩ።

«መሣሪያህን ሰክተህ ጠይቀው» አልኩት።

አየኝ። አልተቆጣም፤ መቆጣትም አያውቅበትም። ቁልፉን አውጥቶ ተፋበት፣ መልሶ ከተተው፣ ገፋው፣ ሳበው። ሾፌሩ ደግሞ ጡሩምባውን ነፋ። በመጨረሻ ጓንቱን አንድ በአንድ አውልቆ ኪሱ ከተተና ዝገት የበላውን ብረት በባዶ እጁ ያዘው። ወደ ላይ ማንሳት እንዳለበት ገና አልደረሰበትም። እኔም አልቸኮልኩም።