ከቻርጀር የተነቀለ ስልክ

አባቷ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። "ከእኔ ጋር ኑር" ብትላቸው፣ "እኔ የቆመ መኪና አይደለሁም፤ አትጎትቱኝ" አሏት። እሷም ጭምት ናት፣ ክርክር አትወድም። ሙያዋ ግን የስልክ መተግበሪያ መሥራት ነው።

መጀመሪያ የሠራችላቸው ቀላል ነበር። ጠዋት አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ "ደህና አድሬያለሁ" የሚል መልእክት ለእሷና በሌላ ከተማ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ይደርሳል። ሦስት ቀን ተጫኑ፣ በአራተኛው ረሱ። ወንድሟ አገር ይያዝልኝ አለ።

"በየማለዳው አለሁ እያልኩ ልፈርም እንዴ? እስረኛ ነኝ?" አሉ አባትየው። "ስልኩ ራሱ ይንገራችሁ፤ ከእኔ ጋር አይደል የሚያድረው!"

ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣም። አባቷ ስልካቸውን ከእራት በኋላ ሳሎን ቻርጀር ላይ ይሰካሉ፤ ሲነሱ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ይነቅሉታል። እንግዲያው ስልኩ ከተነቀለ ተነሥተዋል ማለት ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ማንም ሳይነካው በየሩብ ሰዓቱ እየነቃ ስልኩ ቻርጅ ማድረግ አለማድረጉን የሚያይ ፕሮግራም ጻፈችለት። ቻርጁ ቆሞ ካገኘው "ጢው" ብሎ መልእክቱን ይልካል። እስከ ሁለት ሰዓት ካልቆመ ደግሞ "አባታችሁ አልተነሱም" ይላል። የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራሙን እንዳያስተኛው እንኳ አስፈቅዳለታለች።

አምስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልሳተም። "አንቺ ባትኖሪ በድንጋጤ አልቄ ነበር" አላት ወንድሟ። አፍራ ወሬውን ቀየረች፤ ደስ ግን ብሏት ነበር።

የዚያን ሐሙስ መልእክቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ገባ። "ዛሬስ ዶሮንም ቀደመ" ብላ ፈገግ አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አራት ሰዓት ላይ አጠገቧ የምትቀመጠው ባልደረባዋ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ከች አለች።

"ሶኬቱን ልቀቂልኝ እናቴ፣ ሞቻለሁ! ሰፈራችን መብራት ከጠፋ ቆየ።"

"ከስንት ሰዓት?"

"እኔ እንጃ፣ ከአሥራ አንድ ከሩብ መሰለኝ። የአባትሽም ሰፈር ያው ነው፣ በዚያ ነው ያለፍኩት። ምነው? ምን ሆንሽ?"

ክው አለች። ስልኩ አልዋሸም፤ ቻርጁ ቆሟል። የነቀለው አባቴ ነው ያለችው እሷ ናት።

ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለች። ከዚያ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

በትርፍ ቁልፏ በሩን ከፈተች። ስልኩ ሳሎን ውስጥ ገመዱ ላይ እንደተሰካ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አባቷ ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል፤ አንድ እግራቸው ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል፤ ፎጣ ስበው ደረታቸውን ሸፍነዋል።

"አባዬ!"

"መጣሽ፣ ጭምቷ?" ድምፃቸው ደርቋል። "ጎማዬ ፈነዳ።"

አምቡላንስ ጠርታ አጠገባቸው ተንበረከከች። እጃቸው እንደ ወለሉ ቀዝቅዟል።

"መቼ ነው የወደቅከው?"

"ማታ፣ ልተኛ ስል። ጮህኩ፣ ሰሚ የለም። ግን ስልኩ እንደተሰካ አውቃለሁ። ካልነቀልኩት ሁለት ሰዓት ላይ ይነግራታል፣ ትመጣለች አልኩ። እሷን ተስፋ ይዤ አደርኩ።" ምራቃቸውን በጭንቅ ዋጡ። "ከዚያ ጢው ሲል ሰማሁት።"

ሹራቧን አውልቃ ደረበችላቸው።

"ሰው ገብቶ የነቀለው መሰለኝ። 'ማነህ?' አልኩ። ዝም። ከዚያማ ገባኝ፤ መብራት ጠፍቷል። ደህና ነው ተብላችኋል፤ ማን ይመጣል?"

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ነዘረ። ወንድሟ የማለዳውን መልእክት ገና ማየቱ ነው፤ ለሦስቱም በሚደርሰው የጋራ ገጻቸው ላይ ጽፏል፦ "ተመስገን! ዛሬ ማልደሃል አባዬ።"

ጽሑፉን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ደወለችለት። "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል፤ እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አባቷ ዞረች።

አባትየው እጃቸውን ዘረጉ።

"ወዲህ በይው።" ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። "አንተ ልጅ፣ አለሁ። ስማኝ፤ አሁን የሚያወራህ እኔ ነኝ፣ ስልኩ አይደለም።"