ጥጉ የተሰበረ ድንጋይ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። በሥራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በምላሷም ነው። ያን ቀን ግን የመቃብሩ ዘበኛ ከእሷ ባሰ።

«ሴትዮ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ምልክት የሌለው መቃብር አይቆፈርም! የሰው አባት አውጥተሽ እናቴ ነች ብትዪ፣ የምከሰሰው እኔ ነኝ።»

«እናቴ እዚሁ አጥሩ ሥር ነው የተቀበረችው አልኩህ እኮ!»

«አጥሩ ሥር የተቀበረው አንድ ሰው መሰለሽ? ይኸው ተራው፤ ምረጪ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመቃብሩ ላይ መንገድ ሊወጣበት ነው። ዘመዱን የሚያነሳ እስከ ዓርብ ያንሳ፣ ቅዳሜ ዶዘር ይገባል ተብሏል። ጠያቂ የሌለውን አጽም አንድ ጉድጓድ ውስጥ በጅምላ ሊገለብጡት ነው። መርፌ አዲሱ ቦታ ላይ ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን አስቆፍራለች፤ አንዱን ለእናቷ፣ አንዱን ለአባቷ። የአባቷ አያስቸግርም፤ እዚሁ ግቢ በየዓመቱ እየመጣች ራሷ ኖራ የምትቀባው ነው። አባቷን ትወደው ነበር። ዝምተኛ ሰው፣ ከሥራ ሲገባ ፀጉሯን ዳበስ አድርጓት የሚያልፍ። ጉዱ የእናቷ ነው። እናቷ ስትሞት ገና ነፍስ አላወቀችም፤ የምታስታውሰው አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ያየችውን አጥርና ጭቃ ብቻ ነው። ካደገች በኋላ በጠየቀችው ቁጥር አባቷ መልሱ አንድ ነበር፦ «ድንጋዩን ሌባ ወሰደው ልጄ፤ ቦታውም ጠፋኝ።» አመነችው። ልጅ አባቱን ካላመነ ማንን ያምናል?

ዘበኛውን ትታ ተራውን ተያያዘችው። ድንጋይ የሌላቸው መቃብሮች ላይ እየተንበረከከች ሣሩን በእጇ ትነጫለች፤ ዘበኛው ከኋላዋ እያጉረመረመ ይከተላታል። አንዱ ጋ ስትደርስ እጇን አንድ ነገር ወጋት። ሲሚንቶ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ መዳፍ የሚያክል ድንጋይ ነው።

«እሱ ስብርባሪ ነው» አለ ዘበኛው። «ድንጋዩን ሲነቅሉት የቀረ ጥግ።»

በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ግራጫ ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር በአግድመት አልፎበታል። መርፌ ክው አለች። ይህን መስመር ፊደል ሳትቆጥር ነው የምታውቀው። እንጀራ እናቷ ጓሮ፣ ቧንቧው ሥር፣ የቤቱን ልብስ ሁሉ ስታሽበት ያደገችው ድንጋይ ላይ ነጭ መስመር ነበር፤ ሄዶ ሄዶ የተሰበረው ጥግ ላይ ይቆማል። ያ ስብራት የቆረጠው መዳፏ ላይ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

«ምነው? ምን ነካሽ?» አለ ዘበኛው።

በር ላይ የቆመውን ባለጋሪ ጠርታ «ና፣ ድንጋይ ልናመጣ ነው» አለችው።

እንጀራ እናቷ በረንዳ ላይ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። እርጅና እግሯን ቢይዘውም ምላሷን አልነካውም።

«መጣሽ? ባለቤቴን መቼ ነው የምታነሺልኝ? ዶዘር ሊገባ እኮ ነው! ደግሞ አጠገቡ ለእኔ ቦታ ያዢ ብያለሁ። ያቺኛዋ ድሮም ጠፍታለች፤ የጠፋች ሴት ስታሳድጂ የእኔን እንዳታበላሺ።»

መርፌ ሰላም እንኳን ሳትላት ወደ ጓሮ አለፈች። ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ሳሙና የጠጣ፣ በእሷ ክንድ የለሰለሰ። ባለጋሪው ዲጂኖውን ከሥሩ ሰደደና ሁለቱ ተጋግዘው ገለበጡት። ከሥሩ ትሉ ተርመሰመሰ። ባልዲ ውሃ ደፋችበት። ጭቃው ሲሄድ ፊደል ወጣ፤ የእናቷ ስም። ከስሟ በታች «መቼም አልረሳሽም» ይላል።

«ወይ ጉድ!» አለ ባለጋሪው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ።

አሮጊቷ በከዘራዋ እየተንፏቀቀች የጓሮ በር ላይ ደርሳለች። መርፌ ዞረችባት።

«እትዬ፣ እርስዎ ሰው ነዎት? የእናቴ መቃብር ላይ አንሶላዎን ያሳጥቡኝ ነበር? እኔን? ልጇን?»

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ይላል። እሷ ምን በወጣት!

«ጩኺ! ሰፈሩ ይስማልሽ! እኔ ምን አጠፋሁ? አባትሽ ሰንበት በመጣ ቁጥር ይሄድና ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እኔ ከሙት ጋር ጣውንት ሆኜ ልኑር? ወይ ድንጋዩን ወይ እኔን ምረጥ አልኩት። መረጠ።»

«ሌባ ነው የወሰደው ብሎኛል! አባቴ አይዋሽም!»

«ሌባውማ እሱ ነው፤ ማን መሰለሽ? በጀርባው ተሸክሞ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ አመጣልኝ። ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ያስቀመጠውም በገዛ እጁ ነው። ስታጥቢበት እያየ በአጠገብሽ ያልፍ አልነበር? አንዲት ቃል ተነፈሰ?»

እውነት ነው። ማታ ማታ እሷ እዚያ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ እያሸች፣ አባቷ ከሥራ ይገባል፤ ፀጉሯን ዳበስ አድርጓት ያልፋል። ያን ዳበሳ ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ስጦታ አስቀምጣው ነበር። ለካስ የሚነካት እያወቀ ነው። ቧንቧው ሥር አስመለሳት።

አሮጊቷ ዶዘሩ ትዝ አላት መሰለኝ ድምጿን አለሰለሰች። «በይ ተይው። ሙት ወቃሽ አትሁኚ።»

መርፌ አፏን ጠራረገችና ለባለጋሪው «ጫነው» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ድንጋዩን መቃብሩ ላይ አጋደሙት። እየገፉ እየገፉ ጥጉ ጋ ሲያደርሱት ስብራቱ ከስብራቱ ገጠመ፤ ነጩ መስመር ሳይቋረጥ አለፈ። ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ዘበኛ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው።

«ቆፍሩ» አለ።

መርፌ ሁለት ነጭ ጨርቅ ሰፍታ ነበር፤ አንድ አንድ እንዲደርሳቸው። እናቷን በአንዱ ጠቀለለቻት፣ በሁለተኛው ደረበችላት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ዘበኛው ኖራ ወደተቀባው መቃብር በአገጩ እያመለከተ «ያኛውስ?» ቢላት፣ ዞር ብላም አላየችው።

አዲሱ ቦታ እናቷ ገብታ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ድንጋዩ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተቀመጠ። ወዲያው ታክሲ መጥቶ ቆመና አሮጊቷ በከዘራዋ ወረደች። አንዱ ጉድጓድ ተሞልቷል፤ ሁለተኛው አፉን ከፍቷል።

«ልጄ፣ አባትሽስ?» አለች።

«ልጄ» ስትላት የመጀመሪያዋ ነው።

«ድንጋዩን በጀርባው አመጣልኝ ብለውኝ የለ?» አለች መርፌ። «እንግዲህ እርስዎም እሱን በጀርባዎ ያምጡት።»

«ነገ ዶዘር...»

«ድፈኑት!» አለች ወደ ቆፋሪዎቹ ዞራ። ቆፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ድፈኑት አልኩ እኮ!»

የአካፋው ድምፅ ሲጀምር አሮጊቷ ከዘራዋን ጣለች። የምትደገፈው ፈልጋ ድንጋዩ ላይ ልትቀመጥ ስትል መርፌ ክንዷን ለቀም አደረገቻት። «እዚህ ላይ አይቀመጥም» አለችና መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ጉድጓዱ እስኪሞላም አጠገቧ ቆማ ጠበቀች።