የጠፋው ማሳ

«ማሳው ጠፍቷል።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ እንኳ አይደለም። ግን ማሳ ከላላ ደግሞ…»

የቀረውን አልሰማችውም፤ ወይ ሰምታ ረስታዋለች። ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷና አጎቷ ጋራዡ ውስጥ ሲነጋገሩ በሩ ሥር ቁጭ ብላ የሰማችው ይህን ብቻ ነው። እየሮጠች ሄዳ ለእናቷ «መሬታችንን ወሰዱብን!» አለቻት። መሬት የሚባል ነገር ኖሯቸው አያውቅም። አባቷ ይህን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ አቅፎ ወሰዳትና ከመኪና ብረት ጋር የታሰረ ጥቁር ሽቦ አሳያት።

«ማሳ ማለት ይቺ ናት። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሽቦ ይሄዳል፣ በዚች ይመለሳል። መመለሻ ከሌለው መሄዱም ከንቱ ነው።»

አባቷ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሷ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሆናለች። ቶሎ ስለምትቆጣ «ፊውዝ» ያላት እሱ ነበር፤ ስሙ ከቤት ወጥቶ ደንበኛው ሁሉ በዚሁ ይጠራታል።

እንግዶች ይገባሉ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላሉ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ዝም ይላሉ። ዝምታው ሲከብዳቸው ሹክሹክታ ይጀምራሉ። የፊውዝ ጆሮ ደግሞ ከሚያጓራ ሞተር ውስጥ አንዲት የሳተች ምት ለይቶ ማውጣት የለመደ ጆሮ ነው።

«ስምንት ወር ሙሉ ሳይነጋገሩ እኮ ነው የሞተው።»

«በምን ተጣሉ?»

«በመኪና ነው አሉ።»

«ምን፣ ገጨችበት?»

«ኧረ ተይኝ፤ በሽቦ ነው አሉ።»

«በሽቦ የሰው ልብ ይቆማል?»

እናቷም ሰምታለች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ስታልፍ በዓይኗ ጠራቻት።

«ሰው የሚለው አያስጨንቀኝም፤ ሰው ምን ጊዜም ይላል። ግን አባትሽ ስምንት ወር ራቱን በዝምታ ነው የበላው። የማን ስህተት እንደነበር አጥሪና ንገሪኝ። ያንቺም ከሆነ ያንቺ ነው፤ ልጄ መሆንሽ አይቀር። ሳላውቅ መቀመጥ ነው ያቃተኝ።»

«ዛሬ፣ እማዬ?»

«መኪናዋ ጓሮ ናት። አባትሽ የለም። ከእንግዲህ ማንን ትጠብቂያለሽ?»

መጠበቁስ ልክ ነው፤ ሲጠባበቁ ነበር የኖሩት። መኪናዋ አሮጌ ናት። አባቷ ሞተሯን በእጁ በትኖ ገጥሞ፣ ላይዋ ላይ ቱርቦ ጨመረባት። ቱርቦ አየሩን እየጨመቀ ሞተሩ ውስጥ ይከተዋል፤ አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም በዚያው ልክ በግፊት መምጣት አለበት። ስለዚህ ኃይለኛ የቤንዚን ፓምፕ ገዛ። ቱቦውን እሱ ዘረጋ፣ ሽቦውን ፊውዝ አሰረች፣ ሥራው ሲያልቅ አጎቷ ቀይ ቀለም ቀባት። አጎቷን ሰፈሩ «ቀለሜ» ይለዋል፤ በትምህርት ጉብዝናው እንዳይመስላችሁ፣ ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የደገመ ሰው ነው።

በሜዳ መንገድ መኪናዋ በረረች። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ግን ቱርቦው መንፋት ሲጀምር አሳላት። የቤንዚን ግፊቱ መውጣት ሲገባው ወረደ።

«ሽቦሽ ፓምፑን አስርቦታል» አላት አባቷ።

«ቱቦህ ነው የሚያፈሰው። እኔ ለክቼ ነው የሰጠሁህ!»

«እኔስ ሳልለካ ነው የሰጠሁሽ?»

የዚያኑ ቀን መሣሪያዋን ሰብስባ ሌላ ጋራዥ ገባች። ሳትደውልም ሳትሄድም፣ መጀመሪያ እሱ ይምጣ አለች። እሱም እሷ ትምጣ ሳይል አልቀረም።

ጓሮ ስትወጣ ቀለሜ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ጥፍሩ ላይ ግን እንደ ወትሮው ቀለም አለ።

«አስነሣልኝ፣ ጋሼ።»

አስነሣ። የግፊት መለኪያዋ መርፌ ሦስት ላይ ቆመች። የቤንዚኑን ግፊት ከሚመጥነው ሬጉሌተር ላይ ቀጭኗን የአየር ቱቦ ነቀለች፤ መርፌዋ ትንሽ ወጣች።

«ሬጉሌተሩ ጤነኛ ነው። አጥፋው።»

የኋላውን መቀመጫ አነሣች፣ የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ፈታች፣ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አየች። ቤንዚኑ ውስጥ የገባው አጭሩ ቱቦ አዲስ ነው። ማሰሪያው አዲስ ነው። ማጣሪያውም።

«ይሄ ያኔ የነበረው ቱቦ አይደለም» አለች።

«አይደለም። ሦስተኛው ነው።»

ቀና ብላ አየችው።

«አባትሽ በየሳምንቱ ዳገቱን ይወጣ ነበር» አለ ቀለሜ፣ መሬት መሬት እያየ። «መርፌዋ ስትወርድ ይመለስና የራሱን ሥራ ይፈታል። ሽቦውን እንይ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የሷን እጅ አውቀዋለሁ፤ በንዴት ነው የተናገርኳት። ጥፋቱን እኔ ጋ አገኘውና ያን ጊዜ እጠራታለሁ› አለኝ።»

ፊውዝ የእጅ ባትሪውን አጠፋች። አባቷ እሷን ለመጥራት የራሱን ስህተት ሲፈልግ ነበር፤ ስህተት ደግሞ አላገኘም። እንግዲህ የቀረው የእሷ ሥራ ብቻ ነው።

ክዳኑን መልሳ አሰረችና የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን አወጣች። ሞተሩ ተነሣ። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ቀዩን ሽቦ ለካች፤ ኃይሉ ምንም ያህል አልባከነም። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ በፓምፑ ጥቁር ሽቦ፣ ሌላውን ረጅም ሽቦ ቀጥላ በመኪናዋ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አደረገች። ዜሮ ሊጠጋ የሚገባው ቁጥር ሁለት ቮልት ተኩል አለ።

«ማሳው ነው» አለች። «የኔ ነው፣ ጋሼ። የኔው ነው።»

ሽቦውን በጣቷ ተከትላ እስከ ኋላው ዕቃ መጫኛ ጥግ ደረሰች። ሞተሩን አስጠፍታ ቡሎኗን ፈታች፣ ከሥሯ ያለችውን ቀለበት፣ ሮንዴላዋን፣ አነሣች። ያን ቦታ በገዛ እጇ እስኪያብረቀርቅ ፍቃ፣ ሽቦውን በባዶ ብረት ላይ ነበር ያሰረችው። አሁን ሥሩ ቀይ ነው። ለስላሳ፣ ያማረ፣ የቀለሜ ቀይ ቀለም። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ኤሌክትሪኩ በቡሎኗ ጥርስ ብቻ እየተሹለከለከ ነበር የሚመለሰው።

ቀለሜ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ለማለት ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«ዝገት እንዳይጀምራት ብዬ…» አለ። «የመብራት ሽቦ መስላኝ ፈትቼ ቀባኋት፤ መልሼ አሰርኳት። እንዲያምር ነው። ፊውዝዬ፣ እንዲያምር ብዬ ነው።»

ትጮኽብኛለች ብሎ ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ። አልጮኸችም። ከውስጥ የእንግዶች የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«እማዬ ሳላውቅ መቀመጥ አቃተኝ ብላለች» አለች።

«አንቺ ንገሪያት። የሽቦ ነገር ነው በያት፤ ማን ይመረምራል?»

«እኔ ብነግራት ማንን ይቅር ትላለች? እዚያው ቆመህ ካላየችህ?»

«ወንድሜስ? ከሱ ጋር ማን ያስታርቀኛል?»

ይህን የሚመልስ ከላይ ነው። የብርጭቆ ወረቀት አውጥታ ቀዩን መፋቅ ጀመረች። ጥቂት አይቶ ከእጇ ተቀበላትና እሱ ፋቀው፤ ብረቱ ፊት እስኪያሳይ ፋቀው። ሽቦውን አሰረች። አስነሥተው ደግመው ሲለኩ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወርዶ ቆመ። ሁለቱም አልተደሰቱም።

ቀለሜ ኮቱን አራገፈ።

«እሺ» አለ። «ገብቼ እነግራታለሁ። ሰዉ ሳይበተን፣ ጮክ ብዬ እነግራታለሁ። ግን በዚህ እጄ አልገባም።»

ፊውዝ በጆግ ውሃ ቀዳች። እጅጌውን እንደ ልጅ እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለችለትና፣ ቀይ ብናኙ ከጣቶቹ መሃል እስኪወርድ ድረስ ቀስ እያለች አፈሰሰችለት።