የጋሽ ሦስቴ ከረጢቶች

የምርምር ጣቢያው ሰው ሁሉ «ጋሽ ሦስቴ» ነው የሚላቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒት ረጭተው ሲጨርሱ መርጫውን ሦስቴ ካላጠቡ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ናቸው።

ያን ሰኞ ግን ጉድ ሆነ። ጠዋት በአጥሩ ዳር ያለውን አረም በአረም ማጥፊያ ረጩና መርጫውን ማጠብ ሲጀምሩ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ተገላግላለች! ሴት ናት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል። ጋሽ ሦስቴ የሚሆኑትን አጡ። ለዘበኛው ነገሩት፣ ለሾፌሩ ነገሩት፣ መንገራቸውን ረስተው ለሾፌሩ ደግመው ነገሩት። ከዚያ በዚያው መርጫ የተባይ መድኃኒት በጥብጠው የጣቢያው የዘር ተመራማሪ የሆነችውን የዶክተሯን ቦሎቄ ከዳር እስከ ዳር ረጩ።

ራት ሊበሉ ሲቀመጡ ነው ነገሩ ብልጭ ያለባቸው። መርጫውን አጥቤዋለሁ? ስንቴ? መርጫው ውስጥ የቀረ አረም ማጥፊያ ቦሎቄውንም ያደርቃል። የመጀመሪያዋን እጥበት ያስታውሳሉ። ከእሷ ወዲያ ያለውን ቢያስቡት፣ ቢያስቡት፣ የሕፃኗ ኪሎ ብቻ ነው የሚመጣላቸው።

በአራተኛው ቀን በቦሎቄው ቅጠል ላይ ነሐስ የመሰለ ነጠብጣብ ወጣ። ጋሽ ሦስቴ ሰማይ ምድሩ ዞረባቸው። ዶክተሯ ለዚህ ማሳ አራት ዓመት ደክማለች። አሥራ ሁለት መስመር፣ አሥራ ሁለት ዝርያ፤ ለሕፃናት ምግብ የሚሆን፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ዘር ነው የምትፈልገው። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራቸው ሰውዬ በአንድ ጠዋት አጥፍተውባት ሊሄዱ ነው።

ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በማለዳ፣ ሰው ሳይገባ እየገቡ፣ ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ይቀጥፉ ጀመር። ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው ቅጠሉን ይቀብረዋል፣ ወይም ያቃጥለዋል። እሳቸው ግን የምርምር ጣቢያ ሰው ናቸው፤ ከማሳ የወጣ ነገር ሳይጻፍበት አይቀመጥም። የየመስመሩን ቅጠል በየወረቀት ከረጢቱ ከተቱ፣ ቀኑንና የመስመሩን ቁጥር በእርሳስ ጻፉበት፣ ከዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ከአሮጌ ጆንያዎች ጀርባ በተራ ደረደሩት። ሌባ የሰረቀውን እየመዘገበ እንደማስቀመጥ ያለ ሥራ ነው፤ እሳቸው ግን ልብ አላሉትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዶክተሯ ገና በጠዋቱ ከተፍ አለች።

«ጋሼ፣ ቦሎቄዬን ማነው እየላጨ ያለው? ፍየል ይገባል እንዴ?»

«ፍየልስ አይገባም» አሉ። መደበቁን ግን አልቻሉም። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። የጨረስኩብሽ እኔ ነኝ።» መርጫውንም፣ ስልኩንም፣ የልጅ ልጃቸውንም አንድ ሳያስቀሩ ዘረገፉት።

ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ስማቸው በቃ አፈር ሊበላ ነው።

«ቅጠሎቹን የት ጣሏቸው?» አለች ዶክተሯ።

«አልጣልኳቸውም» አሉ በሐፍረት።

ዕቃ ቤት ገብተው ከረጢቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። ዶክተሯ አንዱን ቅጠል በአጉሊ መነጽር አየች፣ ገለበጠችው፣ ሌላ አነሳች። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ወዳለው የድንች መደብ ወሰደቻቸው።

«ይህን ረጭተውት ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ! በቀጥታ ወጥ ቤት የሚገባ ነገር አጠገብ መርጫ አላደርስም።»

የድንቹ ቅጠል ላይም ያው ነጠብጣብ አለ።

«አየሩ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ከአጥሩ ማዶ በመንገዱ የሚመላለሰው መኪና ሁሉ የሚተፋው ጭስ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ሰማይ ላይ ሲሆን ይጠብቀናል፤ እዚህ ታች ሲሆን ግን ቅጠሉ ይተነፍሰውና ከውስጥ ይቃጠላል። ፍሬው ይቀጭጫል፤ ከማሳው የምናገኘው ምግብም ያንሳል። ያለፉትን ሁለት ሳምንት ንፋስ አልነበረም፣ ፀሐዩም ልክ የለው።»

«መርጫውስ?»

«መርጫውን አጥበውታል። ያ አረም ማጥፊያ ቢቀርበት ኖሮ ለጋው ቅጠል ሁሉ ተጠማዝዞ እስካሁን በደረቀ ነበር። ለጋውማ ደህና ነው፤ የተጎዳው አሮጌው ቅጠል ነው።»

ጋሽ ሦስቴ የድንቹ መደብ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። እፎይ ብለው ሲተነፍሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ለመደበቅም አልሞከሩ።

«ቅጠል መቅጠፍዎን ግን በቀላሉ አላልፈውም!» አለች ዶክተሯ። «ቅጠሉ የተቀጠፈ ተክል ፍሬው ይቀንሳል፤ አሁን የአንዱን መስመር ምርት ከሌላው ጋር እንዴት ላወዳድረው?» እየተነጫነጨች ተመልሳ ከረጢቶቹን በመስመር በመስመር ትደረድር ጀመር። ድንገት እጇ ቆመ።

«የዘጠነኛው መስመር የታለ?»

«ከዘጠኝ ምን እቀጥፋለሁ? አንድም ነጠብጣብ የለበትም።»

ዶክተሯ ሮጠች፤ እሳቸውም እንደ ምንም ተከተሏት። ተመልጠው በቀሩት መስመሮች መሀል ዘጠነኛው ችምችም ብሎ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ቆሟል። ተንበርክካ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጠችው።

«ይሄ አየር ያልረታው ቦሎቄ ነው» አለች። «ደግመን ዘርተን ማየት አለብን። ግን ጋሼ፣ አየሩን የሚችል ዘር አለ! እስከ ዛሬ ፕሮቲኑን ብቻ ነበር የምመዝነው፤ አየሩን ይችል ይሆን ብዬ አስቤው አላውቅም።»

ጋሽ ሦስቴ ስለ ጋዙ ከተነገራቸው ግማሹ አልገባቸውም። አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቷቸዋል፤ ቦሎቄውን የጎዱት እሳቸው አልነበሩም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እህል ከጉሮሯቸው አልወርድ ብሎ፣ ሚስታቸው ሐኪም ቤት ካልወሰድኩዎት እያለች ስትጨቀጭቃቸው ነው የከረመችው።

«ዶክተር» አሉ አፈራቸውን እያራገፉ፣ «ምሳ ደረሰ እንዴ?»

ገና ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።