ምግቡን ያመጡት ጋሽ ክንፉ ናቸው

ናዖድ ስህተቱ የገባው ምግቡን የጫነው ነጭ ቶዮታ ኦክላንድ ሐይቁ ዳር ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ሲቆም ነው። ለአባቶች ቡድኑ ፒክኒክ ጥብስና ሽሮ ከሐበሻ ምግብ ቤት በራሱ ስም አዝዞ፣ አንድ ሾፌር መንገድ ዳር አስቀምጦለት የሚሄድ መስሎት ነበር። የሐበሻ ቤት ደግሞ እንዲህ አያደርግም። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ሙሉመቤት «የኛ ናዖድ ነው» ብለው ባላቸውን ላኩ። ባላቸው ጋሽ ክንፉ ሳን ሆዜ ሐኒ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው።

ሐኒ የቀድሞ ሚስቱ ናት። ለምን እንደተለያዩ የነገራት ግማሹን ብቻ ነው። ወንድ እንደሚወድ ከሰው አፍ ከሰማች፣ ልጃቸውን ሩቲን ቅዳሜ ቅዳሜ እንደማትሰጠው ያውቃል። ስለዚህ ይጠነቀቃል። ቡድኑ በተገናኘ ቁጥር ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ፎቶ አንሺው እሱ ነው፤ የቡድኑ ስም የተጻፈበትን ቲሸርትም ከጃኬቱ ሥር ለብሶ ዚፑን እስከ አንገቱ ይዘጋል።

ዛሬ ግን ከኋላው፣ በሁለት ዛፎች መካከል፣ «ጌይ አባቶችና ልጆቻቸው» የሚል የእንግሊዝኛ ባነር ተወጥሯል።

«ጋሽ ክንፉ! ምነው ደከሙ? ይስጡኝ፣ እኔ እወስደዋለሁ።»

«ተው እንጂ! ሽሮው ይደፋል። ጠረጴዛው የት ነው?»

ትሪውን እንደያዙ አለፉት። ናዖድ ዓይናቸውን ተከተለ። መጀመሪያ ባነሩ ላይ አረፈ። ከዚያ ከአባቶቹ አንዱ ወደሆነው፣ ሕፃን ደረቱ ላይ ወዳሰረው ማርከስና ትከሻውን ወዳቀፈው ባሉ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ ባነሩ ላይ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ሩቲ እየሮጠች መጣች። እናቷ ቤት ጋሽ ክንፉ ሲመጡ፣ እሳቸው ሳይጸልዩ ማንም ወደ ምግብ እጁን አይዘረጋም።

«ጋሼ! ካን ዩ ፕሬይ? ርቦኛል።»

ናዖድ የሚመጣው ጸሎት ይሁን ተግሣጽ አላወቀም፤ ተግሣጽ ከሆነ ሩቲ ፊት ነው።

ጋሽ ክንፉ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጌታ ሆይ፣ ምግቡን ባርክ። ልጆቹን ጠብቅ።» አባቶቹን አልጠሩም። «አሜን።»

ናዖድ መኪናቸው ድረስ ሸኛቸው።

«ሐኒ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ ጋሼ።»

«እኔ በዚህ ነገር አልስማማም። እወቀው።»

«እሺ።»

«ከሙሉመቤት ደግሞ የምደብቀው የለኝም። እሷ ከሰማች ሳን ሆዜ በሙሉ ሰማ ማለት ነው።» ሞተሩን አስነሱ። «ዛሬ የሠርግ ምግብ ላይ ናት፤ እስከ ማታ ስልክ አታነሳም።»

መስኮቱን ዘግተው ሄዱ። ለሐኒ ራሱ እንዲነግራት እስከ ማታ ጊዜ እንደተሰጠው ናዖድ የገባው መኪናው ከታጠፈ በኋላ ነው። ሐኒ የምትጠብቃቸው ነገ ነበር፤ «እየመጣን ነው» ብሎ ቴክስት አደረገላት።

ሳን ሆዜ ሊገቡ ሲሉ፣ ሚልፒታስ ላይ፣ ስልኩ ጮኸ።

«ኢትስ ማሚ» አለች ሩቲ ከኋላ ወንበር።

አላነሳውም። ድምፁ እንደሚያሳብቅበት ያውቃል።

ሐኒ በሩን ስትከፍት ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «ምን ሆናችሁ? ለምን አታነሳም?»

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀውን ንግግር ተወው። የጃኬቱን ዚፕ ያዘ። በሁለት እጁ ጎትቶ ከፈተው። ሐኒ ቲሸርቱን አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«ሩቲ፣ ጫማሽን አውልቂና ግቢ።»

ሩቲ የአባቷን እጅ ይዛ አልለቅም አለች። ሐኒ ያንን እጅ ቆማ አየችው።

«በር ላይ አይወራም» አለች በመጨረሻ። «ግባ።»

ገባ። የቅዳሜ ነገር ገና አልተነሳም።