ትርፍ ቆዳ

1.

የትም አልሄደም።

ስቡ ሄደ፤ ቆዳው ቀረ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለሄደው ነው። እኔን ቁጭ ብድግ የሚያሰኘኝ የቀረው ነው።

2.

ለማታውቁኝ፦ ስንቅነሽ እባላለሁ፤ የሚወዱኝ ስንቄ ይሉኛል። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ መጋረጃ እሸጣለሁ። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ወይዘሮ አልጣሽ ናት። ስወለድ ለክፉ ቀን የምቀመጥ መስዬ ታየኋት መሰለኝ።

አርባ ዓመት ሙሉ ስሜን አላሳፈርኩም። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ሌላ ሰው አይጭንም ነበር፤ አክብሮኝ ሳይሆን ቦታ አጥቶ። ከዚያ ጉልበቴ እምቢ አለ፣ ደሜም ከፍ አለ። ሐኪሙ በሳምንት አንዴ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አዘዘልኝ። የስኳር በሽተኞች መድኃኒት ነው። እኔ ስኳር የለብኝም፤ ግን ለውፍረትም ይሰጣል አለኝ። ጓደኛዬ ኢክራም ፋርማሲ ስላላት እሷ ታመጣልኝ ጀመር።

መርፌው የምግብ ፍላጎቴን ከሥሩ ነቀለው። ማር የሚያንጠባጥብ ሙሸበክ ፊቴ ተቀምጦ እንደ ፕላስቲክ አበባ አየሁት። በዓመቱ ግማሽ ሰው ሆንኩ።

ግማሽ ሰው፣ ሙሉ ቆዳ።

3.

በሙያዬ ላስረዳችሁ። መጋረጃ ሲሰፋ ሽንሽኑ እንዲያምር የመስኮቱን ስፋት እጥፍ ጨርቅ እንቆርጣለን። አሁን መስኮቱን አጥብቡት፤ ጨርቁን ግን አትንኩት። ያ ሆዴ ነው።

ክንዴ ከሥሩ ለብቻው ይወዛወዛል። ለሰው እጄን ሳውለበልብ እኔ ጨርሼ እሱ ገና ይሰናበታል። ጭኔ ጉልበቴ ላይ ወርዶ እንደ ላላ ካልሲ ተኮማትሯል። ጡቶቼን በተመለከተ፦




አመሰግናለሁ። እንቀጥል።

4.

ከኢክራም ጋር፣ ፋርማሲዋ ውስጥ፦

እኔ፦ ይሰበሰባል ብለሽኝ ነበር።

ኢክራም፦ ይሰበሰባል አላልኩም፤ ኢንሻአላህ ነው ያልኩት።

እኔ፦ የሰጠሽኝን ክሬም ተቀብቼ ጨረስኩት እኮ።

ኢክራም፦ እና?

እኔ፦ ለሰለሰ።

ኢክራም፦ ሌላስ?

እኔ፦ ሌላ የለም። አሁን ለስላሳ መጋረጃ አለኝ።

ኢክራም፦ አቦ፣ ጉልበትሽ ዳነ፣ ደምሽ ወረደ። ለቆዳ ብለሽ ታለቅሻለሽ? እኔ ስድስት ወልጄ ሆዴን አጥፌ ነው የምተኛው።

(ይህን ስትናገር ደንበኛ ገባ። የሳል መድኃኒት ፈልጎ ነበር። ሳይገዛ ወጣ።)

5. መመሪያ፦ በድሬዳዋ ሙቀት ኮርሴት አለባበስ

በማለዳ ተነሺ፤ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ አይገባም። ፋኑን ወደ ሆድሽ አዙሪ። የሕፃን ፓውደር ነስንሺ። ትንፋሽሽን ያዢ። ቆዳውን ከታች ወደ ላይ እየሰበሰብሽ አስገቢ። በግራ ያስገባሽው በቀኝ ይወጣል። በቀኝ ያስገባሽው በግራ ይወጣል። ተሳደቢ። ስለተሳደብሽ አማትቢ። እንደገና ጀምሪ።

በላዩ እጅጌ ሙሉ ልብስ ደርቢ። አገር ምድሩ ስስ ሽቲ* ለብሶ ደረቱን እያራገበ ሲሄድ አንቺ እንደ ደብረ ብርሃን ሰው ተሸፋፍነሽ ውጪ።

አሁን ማንም ምንም አያይም።

ስለማያይም የመሰለውን ያስባል።

* ሽቲ፦ ድሬ ላይ ሴት ሁሉ የምትለብሰው ስስና ሰፊ ቀሚስ። ሰፊ መሆኑ ለዚህ ታሪክ ይጠቅማል፤ ኋላ ታያላችሁ።

6. በየመንገዱ የሚቀርብልኝ መጠይቅ

ምነው ከሳሽ?

ሀ) ታመሽ ነው?

ለ) ታመሽ ነው አይደል?

ሐ) ማንም አይሰማንም፤ ለእኔ ንገሪኝ፤ ታመሽ ነው?

መ) አይዞሽ፣ ዘንድሮ ለሁሉም መድኃኒት አለው።

በእኛ ሰፈር ሰው የሚከሳው ወይ ታሞ፣ ወይ ተቸግሮ፣ ወይ ሰው ሞቶበት ነው። ወዶ የከሳ ገና አልታየም።

7.

አባቴ የሞተው በስኳር ነው። ከድሮውም ቀጭን ነበር፤ ከቀጭንነቱ ላይ ከሳ። ሸሚዙ እየሰፋው ሲሄድ እናቴ "ምነው?" ትለዋለች፤ እሱ "ደህና ነኝ" ይላታል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ እየበሳ "ደህና ነኝ።" ሆስፒታል ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ "ደህና ነኝ።" የመጨረሻ ቃሉም እሱው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ያንን ቃል የምትሰማው እንደ እድር ጥሩምባ ነው።

የምትኖረው ከእኔ ቀጥሎ ባለው ግቢ ነው። በሰው ወግ በእጇ አንኳኩታ አታውቅም። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ያልወለቀ የብር አምባር አላት፤ ሳሙና ተቀብቶም እምቢ ብሏል። በሩን የምትደበድበው በእሱ ነው። ቀጭ ቀጭ ካለ እማዬ መጣች ማለት ነው፤ ሮጬ ኮርሴቴን አስተካክላለሁ።

8.

አንድ ቀን ቅቤ ልታስቀምጥ ፍሪጄን ከፈተች። ከእንቁላሉ ጀርባ መርፌዎቹን አገኘች። ታናሽ እህቴ አይናዲስ የካርቶኑን ጽሑፍ አነበበችላት። ከሱቅ ተጠርቼ ስመጣ እናቴ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

እናቴ፦ ይሄ ምንድነው?

እኔ፦ ለመክሳት ነው እማዬ።

እናቴ፦ ስኳር ነው የሚለው።

እኔ፦ ስኳር ይላል፤ እኔ ግን ስኳር የለብኝም።

እናቴ፦ ከሌለብሽ ለምን ትወጊዋለሽ?

እኔ፦ ለመክሳት።

እናቴ፦ በገዛ ገንዘቧ የምትከሳ ሰው አለች?

እኔ፦ አለች። ይኸው።

እናቴ፦ (ካርቶኑን ገልብጣ ታያለች።)

እኔ፦ ማርያምን እማዬ፣ ደህና ነኝ!

አልኩት። ከአማርኛ ቃል ሁሉ መርጬ እሱን አልኩት።

9.

ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ አይናዲስ ናት፤ ሱቄ መጥታ፣ በመጋረጃ ናሙና ዓይኗን እየጠረገች። (ናሙናው ሐር ነበር። ዝም አልኳት።)

እማዬ የደም ግፊት ኪኒኗን መዋጥ ካቆመች ሰንብታለች። ተስላለች። "ልጄን ከምታስቀብረኝ እኔን አስቀድመኝ" ብላ ለፈጣሪ ነግራለች፤ ነገሩ እንዲፋጠንም ኪኒኑን ትታለች።

መጀመሪያ ሳቅሁ። የእናቴ ስለት ለድርድር ክፍት ነው፤ አንዴ ፋኑ እንዲሠራላት ጧፍ ተስላ፣ ፋኑ ሲሠራ "ድምፅ ያሰማል" ብላ ግማሹን ብቻ ነው የሰጠችው። በሳምንቱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃችን ላይ አዙሯት ወደቀች። ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና "ድንጋይ መታኝ" አለች። እዚያ ቦታ ድንጋይ የለም።

ፈራሁ።

10. ያልሠሩ ነገሮች

የሐኪሙን ወረቀት አመጣሁላት። "ወረቀት ምን ያቅተዋል?" አለች።

ኢክራም መጥታ በአላህ ማለችላት። "አንቺ ጥሩ ጓደኛ ነሽ፤ እኔም ስለ ባሌ ለዘመድ ሁሉ እንዲህ ምያለሁ" አለቻት።

ፊቷ ቁጭ ብዬ አንድ ሙሉ ሳህን ሩዝ በላሁ፤ መርፌው ስለማይፈቅድ ሮጬ ወጥቼ አስመለስኩት። ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነበር።

ችግሩ ይኸውላችሁ፦ በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው እውነት አይነገርም፤ የታመመም እውነት አይናገርም። ታዲያ ጤነኛ እውነቱን ቢናገር በምን ይለያል?

11.

ማለዳ። ገና ወፍ አልተንጫጫም። በሩ በጡጫ ተደበደበ።

በዚህ አገር በዚያ ሰዓት በር የሚደበደበው ለመርዶ ብቻ ነው። ኮርሴት ያሰበ ማን ነው? በሽቲዬ ላይ አንሶላ ተጠቅልዬ ከፈትኩ። አጎቴ ጋሽ ደምሰው፣ አይናዲስ፣ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ። ከሁሉም ኋላ እናቴ፣ በነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ተሸፍና።

ጋሽ ደምሰው፦ ልጄ፣ ተቀመጪ።

እኔ፦ ማን ሞተ?

ጋሽ ደምሰው፦ ማንም አልሞተም።

እኔ፦ በዚህ ሰዓት አራት ሆናችሁ መጥታችሁ?

እትዬ በላይነሽ፦ ገና ነው እንግዲህ።

(አይናዲስ እትዬ በላይነሽን በክርኗ ትጎስማታለች።)

ጋሽ ደምሰው፦ የመጣነው እውነቱን እንድትነግሪን ነው። ቤተሰብ ነን አቦ! እናትሽን እያት። ልትገድያት ነው።

እኔ፦ ስብ ነበር ጋሼ፤ ሄደ።

ጋሽ ደምሰው፦ ስብ ዝም ብሎ አይሄድም።

እትዬ በላይነሽ፦ ይሄድማ ቢሆን የእኔ መች ይቀር ነበር! በጾም በስግደት ብለምነው ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ደምሰው፦ ጠበል እንወስድሻለን። ዛሬውኑ።

እኔ፦ ደህ...

(ዋጥኩት።)

12.

አንባቢዎቼ፣ ቃል አለቀብኝ። መጋረጃ የምሸጠው በምላሴ ነው፤ ያን ማለዳ ግን ምላሴ ምንም አልሸጥ አለ። የቀረኝ ማስረጃ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ላዬ ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔ ራሴ መብራት አጥፍቼ የምታጠበው ገላ ነው። እሱን ለእትዬ በላይነሽ ማሳየት ማለት ማይክራፎን ይዞ ከዚራ ሰፈርን መዞር ማለት ነው። እናቴን አየኋት። ግድግዳውን ተደግፋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

እሺ።

"ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ግቢ ይቆዩልኝ" አልኩ። ወጣ። አንሶላውን ጣልኩ። ሽቲው ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጊዜ በራሴ ወጣ።

13.

ቆዳ።

14.

እትዬ በላይነሽ "በስመ አብ!" አለች። አይናዲስ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፤ ከዚያ በጣቶቿ መሀል አየች።

እናቴ ቀስ ብላ መጣች። ጨርቅ ስትገዛ ጫፉን በሁለት ጣት ይዛ የመሳብ ልማድ አላት፤ ሻጩን ሳይሆን ጣቷን ነው የምታምነው። ሆዴን እንደዚያው ያዘችው። ሳበችው። ለቀቀችው። አልተመለሰም፤ እዚያው ቆየ። ወደ ክንዴ ሄደች፤ የተንጠለጠለውን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው ከላዩ ያለውን ሥጋ ጨመቀች። የጨርቅ ጥቅል ሲያነሣ የኖረ ክንድ ነው፤ ድንጋይ ነው።

"አባትሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ" አለች ለራሷ እንደምታወራ። "ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቆ ነበር። የሚያዝ ነገር አልነበረውም።"

"ይሄን ሁሉ ሞልቶት የነበረው ስብ ነው እማዬ። እሱ ነው የሄደው።"

"ይሄን ሁሉ?"

"ይሄን ሁሉ።"

ሆዴን እንደገና አነሣችው። ዘረጋችው። ስፋቱን በዓይኗ ለካችው።

"ለሳሎን መስኮት ይበቃል" አለች።

ከዚያ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። እትዬ በላይነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ አይናዲስ እንባዋ መጣ፤ እኔ ራቁቴን ቆሜ ሆዴ ከሳቁ ጋር ለብቻው ይጨፍራል። ጋሽ ደምሰው ከግቢ ሆኖ "ምን ተባለ? ምንድነው?" ይላል። እትዬ በላይነሽ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ፦

"ቆዳ ነው! ቆዳ ብቻ ነው!"

እናቴ ዓይኗን ጠረገችና እጇን ወደ አይናዲስ ዘረጋች። "ኪኒኔን አምጪልኝ" አለች። "ውኃም።"

15.

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ቁጥር 15ን ብዙ ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

እናቴ ኪኒኑን አፏ ውስጥ አድርጋ ልትጠጣ ብርጭቆውን አነሣች። አምባሩ ከእጇ አንጓ ተነሥቶ እስከ ክርኗ ተንሸራተተ።

በሳሙና እምቢ ያለው አምባር።

ነጠላዋ በሳቁ ወርዶ ነበር። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ በምስማር እንደተሰቀለ ልብስ ሆኗል። ስንት ጊዜ ነው ፊት ለፊት የተቀመጥነው? እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ኮርሴቴን እያስተካከልኩ ነበር። ማለዳ በሩ በአምባሩ ሳይሆን በጡጫ ለምን እንደተደበደበም ያኔ ገባኝ።

"እማዬ" አልኩ፤ ሽቲዬ በእጄ እንዳለ። "አንቺስ ምነው ከሳሽ?"

ውኃውን ጨርሳ ጠጣች። አምባሩን ወደ ቦታው መለሰችው፤ አልቆመላትም፤ በሌላኛው እጇ ያዘችው። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

"ደህና ነኝ" አለችኝ።

16. (ገና አልተጻፈም።)